ሁለት መደርደሪያ፣ ሁለት ዓይነት መሬት፦ በሰበታ መንገድ ስላለ አንድ የእህልና የአትክልት መደብር

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ፣ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው ክፍል ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ሰፊ የእህልና የአትክልት መደብር አለ። ጉድለቶቹንም ስለምጽፍ ስሙን ትቼዋለሁ፤ የአካባቢው ሰው ግን በሁለቱ ትይዩ መደርደሪያዎቹ ያውቀዋል። በስተቀኝ ያለው ከበቾ ሜዳ ገበሬዎች የተገዛ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ሽሮ ይዟል። በስተግራ ያለው ደግሞ በሰበታ፣ በተፍኪና በሆለታ አቅጣጫ መሬት በሊዝ ወስደው በመስኖና በግሪን ሃውስ የሚያመርቱ ድርጅቶች ያቀረቡት ሰላጣ፣ ብሮኮሊ፣ ቲማቲም፣ እንዲሁም ለውጭ ገበያ ታስቦ የተመለሰ ጽጌረዳ ተደርድሮበታል። በእያንዳንዱ ጆንያና ሣጥን ላይ ምርቱ ከየት እንደመጣና ማን እንዳመረተው የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። መደብሩን ከሌሎች የሚለየው ይህ ወረቀት ነው፤ ከሁሉ በላይ መስተካከል ያለበትም እርሱው ነው።

አብዛኛው ገዢ የሚመጣው ለጤፉ ነውና ከእርሱ ልጀምር። ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛና ቀይ ጤፍ በየጆንያው ተለይቶ ይሸጣል፤ ሩብ ኩንታል የሚገዛ ሰውም እንደ ባለ ኩንታሉ በክብር ይስተናገዳል። ነጩ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ መሆኑን ሻጮቹ ይናገራሉ። ዱቄቱ ውኃ በደንብ ያነሣል፤ እንጀራው ዓይኑ የተስተካከለ ነው፤ አድሮም አይሰባበርም። ማኛው ከነጩ የሚበልጥበት ዋጋ በመልኩ እንጂ በጣዕሙ የሚመለስ አልመሰለኝም፤ ለእንግዳ ካልሆነ በቀር አልመክረውም። ለየዕለት እንጀራ የሚሻለው ሠርገኛው ነው። እህሉ በመደብሩ ማበጠሪያ ካለፈ በኋላ ስለሚሸጥ፣ በእበት ከተለቀለቀ አውድማ ላይ በከብት ተወቅቶ ከሚመጣ ጤፍ የማይጠፋው አፈርና ጠጠር እዚህ እምብዛም አያጋጥምም።

የጤፉ ጥሩነት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የተዘራበትን መሬት ማየት ያስፈልጋል። በቾ መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር የተኛበት ሜዳ ነው። በክረምት ውኃ ያቁራል፤ አዋሽ ሲሞላም ከፊሉ በጎርፍ ይጥለቀለቃል፤ በበጋ ደግሞ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጣጠቃል። ይህን መሬት ለጤፍ የሚያሰናዳ ገበሬ አራትና አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፤ የቆመው ውኃ የሚወርድበትን ፈሰስ ያወጣል፤ ሊዘራ ሲል ከብት ነድቶ ማሳውን ያስረግጣል። ዋናው ነገር ግን በአንድ ማሳ ላይ ጤፍን በየዓመቱ አለመዝራቱ ነው፤ ከሽምብራ፣ ከምስር ወይም ከጓያ ጋር ያፈራርቀዋል። እነዚህ ጥራጥሬዎች ከአየር የሚይዙት ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚተርፍ ተከትሎ የሚዘራው ጤፍ ብዙ የዩሪያ ማዳበሪያ አይፈልግም። ዩሪያ የበዛበት ጤፍ ቁመቱ ያለ ልክ ይረዝምና ይጋሽባል፤ የተጋሸበ ጤፍ ደግሞ ፍሬው አይሞላም፣ መሬት ተኝቶ እርጥበት ስለሚጠጣም መልኩ ይደበዝዛል።

ይሁን እንጂ ከበቾ የሚመጣ ጤፍ ሁሉ በዚህ ዓይነት አልተመረተም። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀርጥ ነው፤ አራት ቀርጥ አንድ ሄክታር ይሆናል፤ በአገር ደረጃም አማካዩ በ1 ሄክታር ዙሪያ ነው። በሬ የሌለው፣ የታመመ፣ ባሏ የሞተባት፣ ወይም ለሠርግና ለሕክምና በቶሎ ገንዘብ የፈለገ ሰው ምርቱን ከአራሹ ጋር ለመካፈል መሬቱን እኩል ይሰጣል፣ አለዚያም በኮንትራት ያከራያል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130 ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ እንዲያከራይ ፈቅዶ፣ የኪራዩ ዘመን በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ ከ3 ዓመት፣ በዘመናዊ መንገድ ለሚያለማ ደግሞ ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ወስኗል። የድንጋጌው ዓላማ ገበሬው በአንድ የችግር ዓመት ተገፋፍቶ መሬቱን ለዘለቄታው እንዳያጣ መጠበቅ በመሆኑ አልነቅፈውም። በበሬ ለሚያርሰው ተከራይ ግን ውጤቱ ሌላ ነው፤ ለአጭር ጊዜ በእጁ የገባውን ማሳ ለማፈራረቅ ምክንያት ስለሌለው ጤፍን በጤፍ ላይ ይዘራል፣ የጎደለውንም በዩሪያ ይሞላል። ከመደብሩ ደጃፍ ጤፍ ያወርዱ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬን «አባባ፣ ይህ ከራስዎ ማሳ ነው ወይስ ከኮንትራት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከራሳቸው መሆኑን ነግረውኝ «በሰው መሬት ላይ ፍግ የሚያፈስ ማን አለ ልጄ?» አሉኝ።

በመደብሩ ወረቀት ላይ ግን የሁለቱም ጤፍ ስም «የበቾ አርሶ አደር ምርት» ነው። አዛውንቱ ከራሳቸው ማሳ ያመጡትም፣ ነጋዴ በየመንደሩ ዞሮ ከኮንትራት ያዦች የሰበሰበውም፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለብሶ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ከዚህ መደብር ደጋግሞ የገዛ ሰው በአንድ ወር የሚያመሰግነውን ጤፍ በሌላው ወር የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጥፋቱ የማጭበርበር አይደለም፤ ሻጮቹ ሲጠየቁ ያልሸሸጉት ነገር ነው። ነገር ግን ምርቱን ከመሬቱ ጋር አያይዤ እሸጣለሁ ብሎ የተነሣ መደብር፣ ከቦታው ስም ባልተናነሰ አራሹ መሬቱን በምን ሁኔታ እንደያዘው መጻፍ ነበረበት።

ሽምብራውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የክረምቱ ዝናብ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም ገደማ፣ መረሬው አምቆ በያዘው እርጥበት ላይ ተዘርቶ ያለ ብዙ ማዳበሪያ የሚደርስ እህል ስለሆነ፣ ባለ መሬቱም ሆነ ኮንትራት ያዡ ቢያመርተው በጥራቱ ላይ የሚታይ ልዩነት የለም። ትንሹና ቡናማው የአገር ሽምብራ ለሽሮ፣ እንደ አረርቲ ያለው ትልቁና ነጣ ያለው ደግሞ ለንፍሮ ይሆናል። ሽሮው ሁለት ዓይነት ሲሆን በዋጋ የሚያንሰው ጓያ የተቀላቀለበት ነው። ጓያ ድርቅንም የተኛ ውኃንም የሚችል በመሆኑ ገበሬው ሌላ እህል በከዳው ዓመት የሚተማመንበት ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በብዛት የተመገበውን ሰው እግሩን ሽባ ሊያደርግ የሚችል ንጥረ ነገር ስላለበት፣ ቅልቅሉ ከነመጠኑ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። እስካሁን የሚነገረው በቃል ብቻ ነው። ምስሩ ደህና ነው።

በስተግራ ያለው መደርደሪያ አሠራሩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው እያንዳንዱ ሣጥን የእርሻውን ስም፣ የተቆረጠበትን ቀንና የምድብ ቁጥር ይዟል። ሰላጣው ጥርት ያለ፣ ብሮኮሊው ያልተከፈተ፣ ቲማቲሙ በመጠን የተለየ ነው። በጾም ወራት የአትክልት ዋጋ በየገበያው ሲንር እንኳ እዚህ የሚታየው ለውጥ መጠነኛ ነው። ለቅጠላ ቅጠል ይህን መደርደሪያ እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ውኃው ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የአቃቂን ወንዝና ገባሮቹን እየጠለፉ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ አነስተኛ አምራቾች ጥቂት አይደሉም፤ ወንዙ የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክሞ የሚወርድ በመሆኑም፣ በዚያ ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። የትንሽ ገበሬ ምርት ሁሉ ንጹሕ ነው፣ የድርጅት ምርት ሁሉ መድኃኒት የተነከረ ነው የሚለው በከተማ ሰው ዘንድ የተለመደ እምነት በዚህ መደብር ውስጥ ቢያንስ በቅጠላ ቅጠሉ በኩል አይሠራም። መደብሩ የሚረከባቸው ድርጅቶች የከርሰ ምድር ውኃ እንደሚጠቀሙ በሣጥናቸው ላይ ጽፈዋል። ስለሚረጩት መድኃኒት ግን አንድም ቃል አልጻፉም፤ ይህም መጻፍ ነበረበት።

ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ግን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በመሬት ላይ ያለው መብት ልዩነት የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል፤ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ሲሰጠው፣ ባለሀብቱ በክፍያ እንዲጠቀም ተደርጓል። እንግዲህ ሁለቱም ባለይዞታ እንጂ ባለቤት አይደሉም፤ በወረቀት ላይ ሲታይም የገበሬው መብት የጊዜ ገደብ ስለሌለው ይበልጣል። በተግባር ግን የድርጅቱ ውል ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ስንት ሄክታር እንደሆነና ምን እንደሚከፈልበት በቁጥር ያስቀመጠ ሰነድ በመሆኑ ባንክ አንብቦ ያበድርበታል። የአበባ እርሻዎች በዚህ አካባቢ በተስፋፉበት በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 70 በመቶ ያበድር ነበር። የገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ በተለይ የመጀመሪያው ደረጃ፣ የማሳውን ካርታ እንኳ አልያዘም ነበር፤ መሬቱንም በዋስትና ማስያዝ ለረጅም ጊዜ አልተፈቀደለትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዶለታል። ይህ በተግባር ሲውል ለትንሹ ገበሬ ከየትኛውም ሥልጠና የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ለአንድ ፓምፕ የሚበቃ ብድር ያገኘ ገበሬ ከቆሻሻ ወንዝ የሚጠልፍበት ምክንያት የለውምና።

ትልቅነት ብቻውን መሬት አያለማም፤ ይህንም መዘንጋት አይገባም። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ሒሳብ ተከራይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ውሉ ሲቋረጥ አልምቶ የተገኘው 1,200 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። በሰበታና በሆለታ ዙሪያ ያሉት የግሪን ሃውስ ድርጅቶች ከዚያ የሚለዩት ብዙ ካፒታልና ብዙ ሠራተኛ በጥቂት ሄክታር ላይ በማፍሰሳቸው ነው፤ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር የሚቆጥሩት ሥራው ስለሚያስገድዳቸው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጠው ከፍታና የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርበት ቦታውን ተፈላጊ ስላደረጉት፣ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ለመሆን በቅታለች። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል እርሻው ከመምጣቱ በፊት ቤተሰቦቻቸው በዚያው መሬት ላይ ጤፍ ይዘሩ የነበሩ አሉ። መደብሩ የሚሸጠው ጽጌረዳ ግንዱ በማጠሩ ወይም ቅጠሉ በመጎዳቱ የተመለሰ ነው፤ በከተማው ካለው የአበባ ሱቅ በጣም ይረክሳል፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

ወደ ቀኙ መደርደሪያ ልመለስ፤ በጆንያዎቹ ላይ ከተጻፉት የቦታ ስሞች አንድ ነገር ይነበባልና። ሻጮቹ እንደሚሉት መደብሩ ሲከፈት ጤፉ የሚመጣው ከሰበታ ጀርባና ከተፍኪ ዙሪያ ነበር፤ አሁን በብዛት የሚታየው ከዚያ ራቅ ብለው ያሉት የአስጎሪ፣ የተጂና የቱሉ ቦሎ ስም ነው። ሰበታ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሸገር ከተማ ጋር ተዋህዳለች፤ የከተማ ወሰን የገባበት መሬት ደግሞ ከገጠር ይዞታ ወጥቶ በሊዝ ሥርዓት ይተዳደራል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሣ ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይሰላ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከመነሣቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈል አድርጓል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም ስሌቱ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ወሰኑ መቼ እንደሚደርስበት የማያውቅ ገበሬ ከመድረሱ በፊት ባሉት ዓመታት የሚያደርገውን አይለውጠውም። ፍግ ማፍሰሱን ይተዋል፤ ማሳውን በኮንትራት ይሰጣል፤ አለዚያም ባሕር ዛፍ ተክሎበት ይቀመጣል። የሊዝ ውል ያለው ድርጅት የቀሩትን ዓመታት ቆጥሮ ግሪን ሃውሱን ሲያድስ፣ ገደብ የለሽ መብት ያለው ጎረቤቱ ለሚቀጥለው ክረምት እንኳ አያቅድም። የመደብሩ ምርጥ ጤፍ የሚመጣው መሬቱን እንደማያጣ ከሚተማመን ሰው በመሆኑ፣ የከተማው ወሰን ወደ በቾ በተጠጋ ቁጥር እንዲህ ያለው ጆንያ እያነሰ፣ የማጓጓዣው ወጪም በዋጋው ላይ እየተጨመረ ይሄዳል።

ዋጋው መርካቶ ካለው እህል በረንዳ ከፍ ያለ ነው፤ ከሸማቾች ማኅበራት ሱቅም ይበልጣል። በሸማቾች ሱቅ ጤፉ ሲገኝ ርካሽ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይገኝም፣ የሚመርጡትም ዓይነት የለም። ከዚህኛው መደብር ጭማሪ ምን ያህሉ ለገበሬው እንደሚደርስ ባለቤቱን ስጠይቀው፣ ምርቱን በቀጥታ ለሚያመጡለት ገበሬዎች ከደላላ ዋጋ አብልጦ እንደሚከፍል ነግሮኛል፤ ያየኋቸው አዛውንትም የተከፈላቸውን ተቀብለው ሲሄዱ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። በቀጥታ የመጣውንና በነጋዴ በኩል የመጣውን በወረቀቱ ላይ ለይቶ ቢጽፍ ግን ይህን በቃሉ ብቻ ማመን ባላስፈለገ ነበር። ለድርጅቶቹ ምርት ዝርዝር ወረቀት የሚለጠፈው ድርጅቶቹ ራሳቸው አዘጋጅተው ስለሚልኩት ነው፤ የገበሬውን የሚጽፍለት መደብሩ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱም የመደብሩ ነው። የቀበሌው ስም፣ የተወቃበት ወር፣ ከራስ ማሳ ወይም ከኮንትራት፣ ከዚያ በፊት በማሳው ላይ የተዘራው እህል፦ አራት መስመር ይበቃል።

ሚዛኑ ዲጂታል ሆኖ ለገዢው ፊት ለፊት ይታያል። ክፍያ በቴሌብርም በባንክም ይቻላል። በግቢው ውስጥ ወፍጮ ስላለ ጤፉን አስፈጭቶ መውሰድ ይቻላል፤ ሆኖም ቅዳሜ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በአዘቦት ቀን መሄድ ይሻላል። ወፍጮው ለሽሮና ለጤፍ የተለየ አይደለም፤ ከሽሮ ቀጥሎ የሚያስፈጭ ሰው መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ዱቄት ለብቻ ቢያስቀምጥ መልካም ነው። ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው፤ በተለይ በእህል በኩል ያሉት እናቶች የጤፉን ዓይነት በመዳፋቸው ላይ እያሳዩ ያስረዳሉ። የመኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው፤ ከዋናው መንገድ የሚገባበት መታጠፊያም በከባድ መኪና ስለሚጨናነቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የዓመት ጤፍ የሚገዛ ሰው አዲሱ ምርት ተወቅቶ በብዛት በሚገባበት በጥርና በየካቲት ቢሄድ ምርጫው ሰፊ፣ ዋጋውም ለስለስ ያለ ሆኖ ያገኘዋል። ገበሬዎቹ ራሳቸው ጭነው የሚመጡት ጠዋት ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የተገኘ ገዢ ጤፉ ከማን ማሳ እንደሆነና አምና ምን እንደተዘራበት ከባለቤቱ አፍ ሰምቶ መምረጥ ይችላል። ከሰዓት በኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሻጮቹን ይጠይቅ፤ ከሽምብራ ቀጥሎ የተዘራ የራስ ማሳ ጤፍ ካለ ለይተው ያወጡለታል።